የጎጆዬ ማገዶ

የጎጆዬን ማገር ነቅዬ እሳቱ ላይ ስጨምር ጎረቤቴ ሞላ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ምነው ሰውዬ፣ ቤትህን በላኸው?» አለኝ። አልተሳሳተም። አዲሱ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አሮጌውን እየማገድኩ ነበር።

ወልዶ ያሳደገ ይፍረደኝ፤ ልጅ በፍቅር ሲያጠፋ ምን ተብሎ ይከሰሳል? ልጃችን ደባስ ደብረ ታቦር ገብቶ ሰው ሆነና፣ እናንተ ከከብት ጋር እያደራችሁ እኔ እንዴት ቀና ብዬ እሄዳለሁ አለ። ከጎጆው አጠገብ ብሎኬት ደረደረ፤ ወለሉን ሲሚንቶ አፈሰሰበት፤ በላዩ ቆርቆሮ ደፋ። የመንደራችን የገሳይ ሰው ሁሉ መርቆን ሄደ። እኔም ደጁ ላይ በኩራት ቆምኩ። ለነገሩ ከውስጡ ደጁ ይሞቅ ነበር።

የጎጆው የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ነበር፤ የሳር ክዳኑም እንዲሁ። ከብቶቹ ከታች በኩል ስለሚያድሩ ትንፋሻቸው ይበቃናል፤ ከዳፈንነው ፍም በቀር እንጨት አንሻም። የቆርቆሮው ቤት ግን ፀሐይ ስትወጣ ያነድዳል፣ ስትጠልቅ በብርዱ ጉና ተራራን ያስንቃል። ጠዋት ጠዋት ጣሪያው አልቦት አልጋችን ላይ ይንጠባጠባል። ባለቤቴን ጥሩነሽን ደረቷን ያዛት። እንድታሞቃት ብዬ ላሟን ባስገባት ሲሚንቶው አንሸራትቶ በጉልበቷ ጣላት። ከዚያ ወዲያ ላሟ በዚያ በር በጅራፍም አልገባ አለች። እኛስ መች ጅራፍ አስፈለገን?

የጓሮው ባሕር ዛፍ በአንድ ክረምት አለቀ። ቀጥሎ አጥሩ። ቀጥሎ፣ ምን ላድርግ፣ ጎጆው። ዕድሜ ልኩን ጭስ የጠጣ እንጨት ደህና አድርጎ ይነድዳል።

በዚህ መሐል አንዲት ባለሙያ ከወረዳ መጥታ ሰበሰበችን። ማገዶ ቀንሱ፣ አየሩን የሚያበላሸው እሱ ነው፤ ለብርድም ቢሆን እንደ ጥንቱ የሳርና የጭቃ ቤት ያለ የለም አለች። ወደ እኔ ዞር ብላም፣ አባባ፣ በእርስዎ ግቢ አንድ አለ አሉኝ፣ ያሳዩኝ አለችኝ። ወስጄ አመዱን አሳየኋት።

በመጨረሻ ምሰሶው ብቻ ቀረ። እሱን የፈለጥኩ ዕለት ቤቱ ሞቀ፤ ጥሩነሽ ግን አልሞቀችም። ደባስ ከከተማ በርሮ መጥቶ እግሯን እያሸ፣ «እማ፣ ብቻ ዳኚልኝ፣ ኮርኒስ አስመታልሻለሁ» እያለ ያለቅሳል። እሷ በእጇ ጠራችኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ስማኝማ፣» አለችኝ፣ «ይህ ልጅ በጣም ይወደኛል። መቃብሬ ላይ ሲሚንቶ እንዳያፈስብኝ፣ አደራህን።»