ጋሼ አውቀዋለሁ ወደ ወይን አገር

መንገድ የማይጠይቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ፣ ያ ቤተሰብ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። በየዘመዱ መሀል አንድ አይጠፋም። መሪ ከጨበጠ ወዲያ አስፋልቱ አልቆ ጠጠር ቢሆን፣ ጠጠሩም አልቆ የፍየል ዱካ ቢሆን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንድም፣ ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ከሚል ሞቱን ይመርጣል። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ቢሉት፣ «ሊቅ የሆነማ ምን ብሎ ይጠይቃል?» ይልና ማርሽ ይቀይራል።

በአንዲት ፋርማሲስት ቤተሰብ ውስጥ ይህን ከፍተኛ ወንበር የያዙት አጎቷ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሼ አውቀዋለሁ» ይላቸዋል። ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደ ሜዳልያ ይንጠለጠላል እንጂ ተዘርግቶ አያውቅም። ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች አንዴ በዓይናቸው ይለኩትና «አውቀዋለሁ» ብለው ጨርቁን ይቆርጣሉ። የቤተሰቡ ወንዶች በየፎቶው ላይ ቁርጭምጭሚታቸው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

እህታቸው የወለደቻት ይህቺ ፋርማሲስት ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ማታና እሑድ ግን ቤቷ ምድር ቤት ወርዳ ወይን ትጠምቃለች። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ከዚያ አንድ በርሜል ገባ፣ ቀጥሎ ሌላ። ያበላሸችው ብዙ ነው፤ ወደ ቱቦ የደፋችውን እሷና የጓሮው አይጥ ብቻ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ግን አንዱን ቀምሳ መድፋት አቃታት። ከድንበር ማዶ፣ ወይን ጠማቂዎች በሞሉበት ሸለቆ፣ ባለሙያው ሁሉ የሚፈራቸው አንዲት አሮጊት እንዳሉ ሰማችና ደወለችላቸው። በጎረቤት አገር ቋንቋ እንደ ምንም ትግባባለች።

«ይዘሽ ነይ፣ እቀምሰዋለሁ» አሏት አሮጊቷ። «ግን ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። እሑድ ለቀማ እጀምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ጊዜ የለኝም።»

ይህን ወሬ ጋሼ ሰሙ። መኪናው የእሳቸው፣ መሪውም የእሳቸው ሆነና ጉዞው ተወሰነ። ዘመድ በየተራ እየመጣ አስጠነቀቃት። የጋሼ ሚስት፣ አክስቷ፣ ብቻ ተረጋግታ ዳቦና እንቁላል ታሽግ ነበር። «እኔ እሱን ካገባሁ ወዲህ ያሰብኩበት ቦታ በሰዓቱ ደርሼ አላውቅም» አለች። «ግን ብዙ አገር አይቻለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ፋርማሲስቷ ጠርሙሷን በሹራብ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ስልኳ መንገድ እንዲመራቸው ከፍታ ከፊት ሰካችው፤ ከስልኩ የሚወጣው የሴት ድምፅ ገና «ወደ ግራ ታጠፍ» ከማለቱ ጋሼ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«ጋሼ፣ ግራ ነው የምትለው።»

«ይቺ ሴትዮ ቢሮ ቁጭ ብላ ነው የምታወራው። እዚህ መንገድ ላይ አንድ ቀን አይተሻታል?»

ሴትየዋ ደግማ ደጋግማ ለመነች። ጋሼም እንደ ሰው መለሱላት፤ «እሺ እመቤቴ»፣ «ሰምቻለሁ»፣ «ይህን መንገድ አውቀዋለሁ አልኩሽ እኮ»። ድንበሩን ሲሻገሩ የስልኩ መስመር ሞተና ክርክሩ በጋሼ አሸናፊነት ተደመደመ። ኬላው ላይ የቆመው ጠባቂ በትሕትና ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቅ ፋርማሲስቷ ተረጎመችላቸው። ጋሼ ጠባቂውን በሐዘኔታ አዩት። «እዚህ ቆሞ እየዋለ የት እንደሚኬድ አያውቅም?» አሉ።

ሸለቆው ሲመጣ ፋርማሲስቷ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው። ኮረብታው ሁሉ እንደ ተበጠረ ፀጉር በወይን ረድፍ ተከፋፍሏል። እየተነሣች እየተቀመጠች «እዩት፣ እዩት» ትላለች። ጋሼም እጃቸውን ከመሪው አንሥተው በማያውቁት አገር ላይ ገለጻ ያደርጋሉ። አንዱን አደባባይ ሲዞሩት ሲዞሩት፣ ዳር ላይ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ እንደ ቆየ ወዳጅ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አላቸው።

ከቀትር በኋላ፣ በሩ ላይ ትልቅ የወይን ዘለላ የተሳለበት ግቢ ፊት ፍሬን ያዙ። «ደረስን» አሉ ጋሼ።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እየሳቀ ተቀበላቸውና በሦስት ትንንሽ ብርጭቆ ቀዳላቸው። ፋርማሲስቷ ከበሩ ሳታልፍ አፍንጫዋ ነግሯታል፤ ያሉት አቼቶ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ጋሼ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተዋል፣ በቴሌቪዥን እንዳዩት አሽከርክረዋል፣ ዓይናቸውንም ጨፍነው በአንድ ትንፋሽ ጨልጠውታል። የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ዓይናቸውን እንባ ሞላው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው አስተያየታቸውን በጉጉት ጠበቀ።

«ወጣት ነው» አሉ ጋሼ፣ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ቀጭን ድምፅ። «ግን የራሱ ባሕርይ አለው።»

«ሰላጣ ላይ ቢሆን ደግሞ እንዴት ባማረበት» አለች አክስቷ።

መኪናው ውስጥ ተመልሰው ሲገቡ ፀሐይዋ አዘንብላለች። ፋርማሲስቷ ፀሐይዋን በመስኮት ትከታተላለች። ጠርሙሱን የያዘችበት ጣቷ ነጭ ሆኗል። ጋሼ በመስታወቱ አንዴ አዩአት፣ ደግመው አዩአት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቋራጭ አለ» አሉ።

አክስቷ ይህን ቃል ስትሰማ የወንበሯን ቀበቶ ሳብ አድርጋ አጠበቀች።

አቋራጩ በጠጠር ጀመረ፣ ወደ አፈር ወረደ፣ ቀጥሎ ሣር ሆነ፣ በመጨረሻም በሁለት የወይን ረድፍ መሀል ያለ ክፍተት ሆነ። ጋሼ አልቆሙም። ሐረጉ የመኪናውን ጎንና ጎን ይገርፋል፣ ቅጠል በመስኮት ይገባል፤ አንድ ጥቁር ዘለላ ተበጥሶ አክስቷ ጭን ላይ አረፈ። እሷም አንድ ፍሬ ነቅላ ቀመሰች። ከዚያ የፊት ጎማው የመስኖ ቦይ ውስጥ ገባና ሁሉ ነገር ቀጥ አለ። በሩን ቢገፉት ሐረጉ አላስከፍት አለ። የግራውም የቀኙም።

«እዚህ ጋ ድሮ መንገድ ነበር» አሉ ጋሼ።

«አንተ ወደዚህ አገር መጥተህ ታውቃለህ?» አለች ሚስታቸው።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

በኋላው የሻንጣ በር በኩል መውጣት ነበረባቸው። መጀመሪያ ፋርማሲስቷ ጠርሙሷን ታቅፋ ወጣች። ጋሼ ከነኮታቸው መሀል ላይ ተወትፈው ቀሩ፤ አክስቷ ከውስጥ ጫማቸውን ስትገፋ ፋርማሲስቷ ከውጭ ክንዳቸውን ትጎትታለች። ልታለቅስ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት። ቀና ስትል ደግሞ ሁለቱንም ረሳች። ፍሬው እንደ አቧራ የመሰለ ስስ ነጭ ነገር ለብሶ በየሐረጉ ተንዠርግጓል። አንዱን ዘለላ ከሥሩ በመዳፏ ደገፍ አደረገችው፤ ሙቀቱ አሁን እንደተጣለ እንቁላል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ወይን የምታውቀው በገበያ ሣጥን ነበር።

ባርኔጣ ያደረገ ሠራተኛ ከረድፉ ጫፍ እየጮኸ መጣ። ጋሼ ከኮታቸው ላይ ቅጠል አራግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ንገሪው» አሏት። «የአሮጊቷን ቤት መንገድ እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፣ እሱ ያውቀው እንደሆነ ግን ልፈትነው ፈልጌ ነው በይው።»

«እባክህ፣ ጠፍተናል» ብላ ተረጎመችለት።

ሰውዬው መኪናውን አየ፣ እነሱን አየ፣ ንዴቱ በግማሽ ቀነሰ። የተናገረውን ፋርማሲስቷ ተረጎመችላቸው። የቆሙበት እርሻ የአሮጊቷ ነው። መቀስ ይዘው ወደ እነሱ የሚመጡት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ደርሰናላ» አሉ ጋሼ።

አሮጊቷ ሰዎቹን አልተመለከቱም። ያዩት የተሰበረውን ሐረግ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ እንደ ተሰበረ ክንድ ቀስ ብለው አነሡት። «ማነው የነዳው?» አሉ። ፋርማሲስቷ ከመተርጎሟ በፊት ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ምን ላድርግላቸው? ጠይቂያቸው» አሉ።

አክስቷና ፋርማሲስቷ ተያዩ። ጋሼ ጠየቁ።

አሮጊቷ መቀስ በእጅ በእጃቸው ሰጡአቸው። መኪናው ሲጎተት አንድ ፍሬ እንኳ ከጎማ ሥር እንዳይገባ ረድፉ ዛሬውኑ ይለቀም፤ ፍርዱ ይህ ነበር። ለቀሙ። ጋሼ እያላባቸው፣ አክስቷ አንዱን ወደ ሣጥን አንዱን ወደ አፏ እየላከች። ፋርማሲስቷ ግን ድካም የሚባል ነገር አልሰማትም። ዘለላውን ደግፋ ትቆርጣለች፣ የበሰበሰውን ፍሬ በጥፍሯ ታወጣለች፣ ቅጠሉን እያገላበጠች ሠራተኛውን በጥያቄ ታጣድፈዋለች። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከኋላዋ ተከተሏት። ያዩት የነበረው ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው።

ረድፉ ሲያልቅ መኪናው በትራክተር ተጎትቶ ወጣ። ከዚያ አሮጊቷ ወደ ቀዝቃዛው የበርሜል ቤት አስገቧቸውና፣ የደወለችላቸው እሷ መሆኗ ገብቷቸው ኖሮ፣ «እስቲ አምጪው» አሉ።

ቡሹ ተነቀለ። አሮጊቷ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እንደገና ቀመሱ። ጋሼ ጠርሙሱ ተጠቅልሎበት የነበረውን ሹራብ ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እያበላሸሁ ነው የተማርኩት።»

«ጥሩ አይደለም» አሉ አሮጊቷ። የፋርማሲስቷ ጆሮ ጋለ። «ችኩል ነው። ቶሎ ከበርሜል አውጥተሽዋል፣ ቶሎ አሽገሽዋል። ግን ምንም አልደባለቅሽበትም፣ ምንም አልደበቅሽም። እንዲህ ያለ እጅ በየቀኑ አይመጣልኝም።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ነገ ለቀማ ይጀመራል፣ ሰው አንሶኛል። ቆዪና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዪው። አልጋ አለ።»

ፋርማሲስቷ ለዘመዶቿ ተረጎመችላቸው። የወሰደችው ፈቃድ ሰኞ ያበቃል። ከቆየች መድኃኒት ቤቱ አይጠብቃትም።

«እናትሽ እኔን ነው የምትጠይቀኝ» አለች አክስቷ ቀስ ብላ።

ጋሼ የሹራቡን ጫፍ ለቀቁት። «ቆዪ እንጂ» አሉ። «እናትሽን እኔ አውቃታለሁ።»

ፋርማሲስቷ ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሥራዋን ትታ ወይን ጠማቂ መሆን እንደምትፈልግ ለቤተሰቡ ያወራች ቀን፣ እናቷ «መጨረሻው ምንድን ነው?» አለች። ወንድሟ «ወዴት ያደርስሻል?» አላት። የሥራ ባልደረቦቿም፣ ጎረቤቱም ይህንኑ በየዓይነቱ ጠየቋት። ጋሼ ብቻ ምንም አልጠየቁም። በማግስቱ ከወፍራም ጨርቅ የሰፉትን ሽርጥ አምጥተው «ይሄ ሥራ ልብስ ያበላሻል» ብለው አስረከቧትና ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ሳይለኩ ነበርና አንዱ ማሰሪያ ከሌላው በክንድ ይረዝማል። ያኔ ግድ የሌላቸው መስሏት ከፍቷት ነበር። አሁን እዚህ የበርሜል ቤት መሀል ቆማ ስታስበው ከዚያ ሁሉ ዘመድ መድረሻዋን ሳይጠይቅ አብሯት የተነሣው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ተንጠራርታ አንገታቸውን አቀፈች። «ሸሚዜን ታጨማድጂዋለሽ» አሉ ጋሼ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።

ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ስትደርስ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። አክስቷ የተረፈውን ዳቦ ሰጠቻትና ፊት ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ወደ ድንበሩ በቀኝ ነው» አለች ፋርማሲስቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ።

ጋሼ በፍቅር ጉንጯን መታ መታ አደረጉና ወደ ግራ ታጥፈው ሄዱ።

ባርኔጣ ያደረገው ሠራተኛ ደነገጠ። «ሮጬ ልያዛቸው?»

«ተዋቸው» አለችው። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ሳቋ እንባ ቀላቅሎባታል። አቧራው ወዲያ ማዶ ኮረብታውን ዞረ፣ ጠፋ፣ ቆየ፣ ከዚያ እንደገና እየቀረበ መጣ። መኪናው ከግራ መጥቶ በበሩ ፊት ወደ ቀኝ አለፈ። ጋሼ እንደ ሹም ፊት ለፊት እያዩ አንገታቸውን ሳያዞሩ አንድ እጃቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ። አክስቷ በወዲያኛው መስኮት ሁለት እጇን አውጥታለች። ፋርማሲስቷም የቅድሙን የግራ መታጠፍ እንዳላየች ሆና፣ ገና አሁን እንደሚነሡ ሁሉ፣ እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበችላቸው።