ከሳሼ የጻፈልኝ መልስ

ልጅን መጻፍ ማስተማር አደገኛ ሥራ ነው! አይሳቁ፤ ከልቤ ነው። ማንበብ ብቻ ያስተማረ መምህር ደመወዙን እየበላ በሰላም ጡረታ ይወጣል። መጻፍ ያስተማረ ግን… እኔን ይጠይቁኝ። ጎባ ላይ አራተኛ ክፍል በማስተማሬ ብቻ ተከስሼ አውራጃ ገዥ ፊት የቆምኩትን!

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ባሌ ጠቅላይ ግዛት ተመደብኩ። የጎባን ብርድ አላወራም፤ የቀመሰው ያውቀዋል፣ ያልቀመሰው አያምነኝም። የጽሕፈት ትምህርት ማለት ያኔ ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር። መምህሩ «ዝናብ ዘነበ» ብሎ ይጽፋል፤ ልጆቹም ፀሐይ በመስኮት ገብታ አናታቸውን እየጠበሰቻቸው «ዝናብ ዘነበ» ብለው ይገለብጣሉ። እኔ ደግሞ ወጣትነቱም ነበር መሰለኝ፣ አንድ ቀን ሰሌዳውን ጥርግ አድርጌ አጠፋሁት።

«ዛሬ አትገለብጡም። ከአንድ ሰው የምትፈልጉትን ነገር ንገሩት። በአፋችሁ ሳይሆን በእርሳሳችሁ!»

ፋጡማ የምትባል የጨው ነጋዴ ልጅ እጇን አወጣች።

«ባርሲሳ…» አለች፤ በኦሮምኛ «መምህር» ማለቷ ነው። «ስንት መስመር ልሙላ?»

«ያሰብሽው ሲያልቅ አቁሚ።»

አቀርቅራ ጻፈች። ወረቀቷን ሳየው እንዲህ ይላል፦ «ባርሲሳ፣ መስኮቱ ተሰብሯል። ብርድ ይገባል። አሠራልን።» አሠራሁላቸዋ! ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። የፋጡማ ጎረቤት አዴ ሙሚና (አዴ ማለት እዚያ እትዬ እንደማለት ነው) የሰው በሬ ማሳቸው ውስጥ እየገባ አስመርሯቸው ኖሮ፣ ፋጡማን ጠርተው አጻፏት። «በሬ ገብሴን እየበላ ነው። ዳኛው ሰው ልከው ያሳዩልኝ።» ዳኛው ሰው ላኩ፤ በሬው ታሰረ። በቃ! ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። በዕረፍት ሰዓት የትምህርት ቤቱ አጥር ገበያ መሰለ። ከሮቤ በእግሩ የመጣ አለ፣ ከገሰራ በበቅሎ የመጣ አለ። «ያቺ አሳጥራ የምትጽፈው ልጅ የታለች?» ይላል ሁሉም። እኔም ደረቴን ነፍቼ እንጎራደድ ጀመር።

ደስ ያላላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አቶ ዘለቀ። ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ከጽድ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸውም ዘለቀ፣ ማመልከቻቸውም የሚዘልቅ! ዶሮ ለጠፋበት ሰው ሲጽፉ ከአዳም ከገነት መባረር ይጀምራሉ፤ ዶሮዋ ብቅ የምትለው ወደ መጨረሻው ገጽ ግድም ነው። ታዲያ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ወደኛ አጥር ሲያዘግሙባቸው ምን ያድርጉ? በሚያውቁት መጡብኝ። ለአውራጃ ገዥው አመለከቱ!

ክሱ ተነበበልኝ። «ከአባቶቻችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን የማመልከቻ ወግ በማፍረስ፣ ሕፃናትን በዳኛ ፊት ያለ እጅ መንሻ ቃል እንዲናገሩ በማደፋፈር…» ሲነበብ ራሴን ጠላሁት፤ ገዥው ብሆን ኖሮ ያኔውኑ ራሴን ባባረርኩ ነበር! ትእዛዙም መልስህን በጽሑፍ አቅርብ፣ አለዚያ ከሥራህ ትነሣለህ የሚል ሆነ።

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። «ጌታዬ፣ ክሱ ልክ አይደለም። ልጆቹ መጻፍ እየተማሩ ነው።» ያሰብኩት አለቀ። እንግዲህ በራሴ ትምህርት መሠረት ማቆም ነበረብኝ። ግን እኮ እንጀራዬ ነው! ወረቀቱ ላይ የተረፈውን ባዶ ቦታ ሳየው በዚህች ብቻ የምድን አልመሰለኝም። በከተማው ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር ማመልከቻ ጸሐፊ የለም። ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ጽዱ ሄድኩ።

«ደህና ዋሉ አቶ ዘለቀ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እንጻፍ መምህር?»

«ተከስሼ… መልስ ፈልጌ ነበር።»

«ማነው ባለጌው የከሰሰዎት?»

«እርስዎ ነዎት።»

ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከር አደረጉ። «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። «ከሳሼ የተባለው ሰው…» ብለው ጀመሩና ቀና አሉ። «‹ቅናት ያሰከረው› ልበል ወይስ ‹ቅናት አጥንቱ ድረስ የዘለቀው›?»

«ኧረ የመጀመሪያው ይበቃል አቶ ዘለቀ፤ አይጨክኑ!»

«አይ፣ ሁለተኛው ይሻላል። ስሜም አለበት።»

ራሳቸውን እንዲህ ሲሰድቡ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ሠርግ ላይ እንኳ አላየሁም። ስለኔ ምስኪንነት የጻፉት ላይ ሲደርሱማ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አብሬ ጠረግሁ።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችንም ገዥው ፊት ቆምን። ፊታውራሪ ነበሩ፤ ግዙፍ፣ ባለ ካባ። መልሴ ሲነበብ አዳራሹ በሙሉ ይነፋረቅ ገባ። ክሱም መልሱም የአንድ ሰው እጅ መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም፤ ሁሉንም እንባ ጋርዶታል።

«ይህን የመሰለ መምህር የሚከስ አረመኔ የታለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ አቶ ዘለቀ በቀጭኑ።

«ሁለተኛ ፍርድ ቤቱ ደጅ እንዳላይህ!»

ስንወጣ አቶ ዘለቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ግን… ጥሩ ነበር፣ አይደል?» አሉና ጠረጴዛቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መርታቴ አልጣመኝም። ትምህርት ቤት ስመላለስ፣ በራቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ አይወቅሱኝም። ይሄ ደግሞ ይብሳል! በመጨረሻ ለልጆቹ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አንጽፍላቸውም?» አለች ፋጡማ፤ ጻፈችም።

«ጌታዬ፣ አቶ ዘለቀ ቤታቸው ተቀምጠው ያዝናሉ። እርስዎን ያስለቀሰዎትን የመምህሩን መልስ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ቦታቸውን ይመልሱላቸው።»

መካከል ላይ ስደርስ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። «ፋጡማዬ… ይቺን የመካከሏን ብናወጣትስ?»

«እሷ ከወጣች ለምን ይመልሱላቸዋል ባርሲሳ?»

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ፊታውራሪ አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እኔን አዩኝ። ዕቃዬን በልቤ መሸከፍ ጀምሬ ነበር… ሰውዬው ሳቃቸውን ለቀቁት! ካባቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ራሱ በራሱ ላይ አስፈርዶ? ሂድ፣ ወደ ቦታው ይመለስ በለው!»

አቶ ዘለቀ ተመለሱ። የፋጡማን ማመልከቻ ቃል በቃል ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ለአውራጃ ገዥ በዚህች ብቻ? እጅ መንሣቱስ? ‹ዕድሜዎን ያርዝመው›ስ የት ገባ? ደፋር ናት!»

ይሁን፣ ዋናው መመለሳቸው ነው ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። በሳምንቱ የገበያ ቀን በዚያ ሳልፍ፣ ጽዱ ሥር ሰዉ ተሰልፏል። ከፊት የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አዴ ሙሚና!

«ምነው አዴ! ፋጡማ በአንድ ወረቀት አስረትታዎት የለ?»

«ረታሁ፤ በሬውም ታሰረ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ግን ዳኛው ገና ለኔ ማዘን ሳይጀምሩ ወረቀቱ አለቀባቸው!»