ግርማዊ ድቡልቡል ከእሽኮኮ ወርደው እስከ ስፌት ቤት የዘመቱበት ዜና

በዘመነ ጡጦ ፍጻሜ፣ በዘመነ ፖፖ መባቻ፣ የላይኛው ክራንቻ ጥርስ በወጣበትና የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሽንት ቤት ገብቶ በቀረበት ዓመት፣ የሳሎን ጌታ፣ የጓዳ መሳቢያ ገልባጭ፣ በድመቷ ጅራት ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላቸው፣ በሁለት እጃቸው ብስኩት ይዘው ሦስተኛውን የሚጠይቁ፣ ግርማዊ ድቡልቡል ከእሽኮኮ ወርደው በገዛ እግራቸው ዘመቱ። የዚህ ዜና ጸሐፊ እኔ አጎታቸው ነኝ፤ ማዕረጌ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ሥራዬ ፈረስ።

ወእምዝ፣ ጌታችን መሄድ አቅቷቸው ነው የሚል ወሬኛ ካለ ውሸቱን ነው። ቤት ውስጥ ድመቷን ሲያባርሩ ማን ይደርስባቸዋል፤ ገላ መታጠቢያ ደረሰ ሲባልማ ጭራሽ ነፋስ ናቸው። የውጭው በር ሲከፈት ግን ጉልበታቸው ዱቄት ይሆናል። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «እሽኮኮ» ብለው ያውጃሉ፤ እኔም ፈረሳቸው ተንበርክኬ ትከሻዬን እሰጣለሁ፤ እሳቸውም ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዘው፣ ደረቴን በተረከዛቸው እየደለቁ፣ ፀጉሬን በብስኩት ፍርፋሪ እያረሱ፣ እናታቸው ስፌት ቤት ድረስ ይጋልቡኛል። መንገዱም ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ደህና አድርጎ ያዛጋ ሰው አፉን ሳይገጥም ይደርሳል።

በዚያም ወራት ለመንግሥቱ ጭንቅ መጣ። እቴጌ እህቴ፣ የመቀስና የልኬት ሜትር እመቤት፣ ሆዳቸው ገፍቶ መውለጃቸው ስለደረሰ፣ አዋላጇ ከመቀስ የከበደ ነገር እንዳያነሱ አዘዘቻቸው። እኔ ደግሞ ስንት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን የጎማ ቤት ሥራ ሰኞ ልጀምር ነው። ስለዚህ ግርማዊነታቸው እስከ ሰኞ በእግራቸው ካልሄዱ፣ ወይ እኔ ፈረስ ሆኜ እቀራለሁ፣ ወይ ስፌት ቤቱ ተዘግቶ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርሙ ሳይሰፋለት ትምህርት ይከፈትበታል።

እቴጌይቱም ቅዳሜ ጠዋት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው አወጁ። «ስሙኝማ የሰፈር ሰዎች። ይሄን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ያቀፈ፣ ያዘለ፣ እሽኮኮ ያለ ሰው፣ ሱሪው ቢቀደድ እኔ ጋ እንዳይመጣ። ቢያለቅስም ያልቅስ። አንጀቴን በላው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እናቱ አንጀት አለኝ። አንተም ፈረሱ፣ ሰምተሃል።» ሰፈሩም ራደ፤ የማን ሱሪ ነው በእሳቸው እጅ ያላለፈ?

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ዘመቻ ተነሣ። ከፊት ድመቷ ሄደች፤ በቀኝ ደጃዝማች ፀጉር ቆራጭ፣ ግማሽ ጢም የተላጨ ደንበኛውን ትቶ፣ ከበሩ ላይ ቆመ፤ በግራ የሱቋ እትዬ ክንዳቸውን ሚዛናቸው ላይ አስደግፈው ታዩ፤ ከኋላ እኔ፣ ጋላቢ የሌለኝ ፈረስ፣ ተከተልኩ። ግርማዊነታቸው እስከ መብራት ምሰሶው በክብር ሄዱና ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ዘርግተው «እሽኮኮ» አሉ። ማንም አልተነቃነቀም። ቀጥለው በሆዳቸው ተኙ፣ አፈሩንም በእንባቸው አቦኩ። ፀጉር ቆራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እትዬም ያልተበላሸ ሚዛን ያስተካክሉ ጀመር፤ እኔም ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ደመና የሌለው ሰማይ መረመርኩ።

በዚህ መሃል ባላምባራስ ጋሪ ገፊ ሽንኩርቱን ጭኖ ደረሰ። ይህ ሰው አዋጁን ሰምቷል፤ ችግሩ በደንብ ነው የሰማው። አላቀፈም፣ አላዘለም፣ እሽኮኮም አላለም። ዝም ብሎ ጋሪውን አጠገባቸው ዝቅ አድርጎ አቆመና ጎማውን እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አለ። ጌታችንም በገዛ እጃቸው ቧጥጠው ሽንኩርቱ ላይ ወጡ። እንደዚህም ሆነው፣ እንባቸው በግማሽ ደርቆ፣ በሽንኩርቱ ግማሹ እንደ አዲስ እየወረደ፣ ግራና ቀኝ እጅ እየነሡ ስፌት ቤት ገቡ።

እቴጌይቱም መርፌያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ሁለተኛ አዋጅ አወጡ። «ጎማ ያለው ነገር በሙሉ ተጨምሯል። አንተ ጋሪ ገፊ፣ የዚያን ጃኬትህን ኪስ እንግዲህ ራስህ ስፋው።» ባላምባራሱ ኪሱ ተቀዶ እንደተንጠለጠለ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን ሆነ። እኔም የጦር ዘዴዬን ሁሉ አወጣሁ። ብስኩት ከፊት አሳየኋቸው፤ ተቀብለውኝ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብለው በሉት። ሩጫ እንወዳደር ብዬ ብፈተለክ፣ ካሉበት ሳይነሡ አጨበጨቡልኝ። ዘወር ስል እትዬ እየሳቁ ነው፤ በቃ፣ ፈረስ ሆኜ መሞቴ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ በእጄ አንዲት የጨርቅ ጥንቸል ነበረች፤ ለሚወለደው ሕፃን ብለው እቴጌይቱ ከዩኒፎርም ቁርጥራጭ የሰፏት፣ አንድ ጆሮዋ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ። ስፌት ቤት ሄዳ ዓይን ሊተከልላት ነው። ንድድ ስላለኝ እሷንም ከጌታችን ጎን አፈሩ ላይ ዘጭ አደረግኳትና፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ ቀጭን ድምፅ አውጥቼ በስሟ አወጅኩ። «እሽኮኮ።»

ግርማዊነታቸው ጥንቸሏን አዩ። ማን ያነሣታል ብለው ፀጉር ቆራጩን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ እኔን አዩ። ሕግ ነውና ማንም አልተነሣም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የፀጉር ቆራጩ የዚያ ቀን ደንበኛ ጢሙን እስኪረሳ ድረስ አይቶታል። ጌታችን መቀመጫቸውን አስቀድመው ተነሡ፤ ጥንቸሏን ከአንገታቸው ጀርባ አወጧት፤ እኔ እሳቸውን እንደምይዛቸው አድርገው ሁለት እግሯን ደረታቸው ላይ ጥርቅም አድርገው ያዙና ሄዱ። ጋላቢ ያለው ሰው መቼ ይቀመጣል? የመንገዱን ኩሬ ዞሩት። የተኛውን ውሻ በሩቁ አለፉት። ጥንቸሏ ብትወድቅባቸው «አይዞሽ» ብለው አወጁላትና፣ አራግፈው መልሰው ሰቀሏት።

ከስፌት ቤቱ ደፍ ሲደርሱ ግን እቴጌይቱ ከስፌት መኪናቸው ብድግ አሉ። በእግሩ የመጣ ልጃቸውን አይተው ሆዳቸውንም አዋላጇንም አዋጃቸውንም ረሱ፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ግርማዊ ድቡልቡልም የተዘረጋውን እጅ አዩ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ጥንቸሏን ከአንገታቸው አውርደው እናታቸው ክንድ ላይ አስቀመጡና እንዲህ ሲሉ አወጁ። «ደከማት።»

እቴጌይቱም ዞር ብለው በሰው ዩኒፎርም ኮሌታ አፍንጫቸውን ጠረጉ። ቀጥሎም ጋሪ ገፊው ምሕረት ተደርጎለት ጃኬቱን እንዲያመጣ ተላከበት።

ሰኞ ስፌት ቤቱ ተከፈተ፣ እኔም ጎማ ቤት ገባሁ። ማታ ጥቁር ዘይት መስዬ፣ ወገቤን ይዤ ስመለስ፣ ግርማዊነታቸው መብራት ምሰሶው ጋ ጠበቁኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያም ተንበርክከው ትከሻቸውን ሰጡኝና «ና፣ እሽኮኮ» አሉኝ።

እንግዲህ ከሽንኩርት ጋሪ ወርደው ምድርን የረገጡ፣ ለደከመው ሁሉ ትከሻ የሚዘረጉ፣ ፈረሳቸውን እንኳ ሊያዝሉ የተንበረከኩ ጌታ ከእሳቸው በፊት አልተሰማም። ጫማቸው አይጥበባቸው፣ ክራቸው አይፈታ፣ ኩሬው ሁሉ ይድረቅላቸው። እኔም አልወጣሁም እንጂ፣ ለመውጣት ትንሽ ቃጥቶኝ ነበር።