አንዲት ትንሽ ወረቀት

ባንክ ባለበት አገር ሁሉ አንዲት ማዳም ከርቬላ አለች። ስሟ ይለያያል እንጂ ሥራዋ አንድ ነው፤ የጎደለችህን ወረቀት ካንተ በፊት ታውቃታለች። አንተ መሳቢያህን አራግፈህ፣ ፍራሽህን ገልብጠህ፣ የወረቀት ክምርህን ታቅፈህ ስትመጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታወርድና ክምሩን በሁለት ጣት ገለጥ ገለጥ ታደርገዋለች። ከዚያ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዲት ትንሽ ወረቀት ብቻ ጎድላለች» ትልሃለች።

የፈረንሳይ አገር የብረታኟ ማዳም ከርቬላ ግን የሁሉም እናት ናቸው። እሳቸውን «እሷ» ብሎ ማውራት ስለማይሆን ከዚህ በኋላ በክብር እንቀጥል።

ኔቪል አክሮይድ እጃቸው ላይ የወደቀው በጸደይ ነው። ኔቪል ጣሪያ ጠጋኝ እንግሊዛዊ ነው፤ ጆሮው ላይ ሁሌ እርሳስ ይሰካል። ከሚስቱ ከዶሪን ጋር አስራ ሁለት ዓመት የፈረንሳዊውን የሙሴ ፕሪዣንን ቤት ተከራይተው ኖረዋል። ሙሴ ፕሪዣን አረጁና ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ሆነ።

«ለናንተ ብሸጠው ደስ ይለኛል» አሉ። «እስከ ጥቅምት ማብቂያ፣ እስከ ቅዱሳን ሁሉ በዓል እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ ግን ያ የፓሪሱ የጥርስ ሐኪም አለ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ።»

የጥርስ ሐኪሙ አንዴ መጥቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ሰላም ሳይል፣ ሊያሠራ ያሰበው መዋኛ ገንዳ ስንት እርምጃ እንደሚሆን ለካ። ዶሪን በመስኮት አየችው። ያኔ ሳንባዋ ታሞ አልጋዋ ወደ መስኮቱ ተጠግቶላት ነበር።

«በሰው ቤት አልሞትም፣ ኔቪል» አለችው፣ ከገበያ ድንች አምጣ እንደምትል ሁሉ። «መጀመሪያ ግዛው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ኔቪል ወደ ባንክ ሄደ። ሰኞ ነበር፤ ሰኞ ዝግ ነው። በማግስቱ ሄደ፤ መዝጊያው እያጓራ ፊቱ ላይ ወረደ። ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ምሳ ነው። በከተማው ማዳም ከርቬላ ምሳ ላይ ሳሉ ባንኩ ቢቃጠል እሳቱ እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ይባላል።

በስምንት ሰዓት ተቀበሉት። መነጽሩ ወረደ፣ ሁለት ጣት ተዘረጋ።

«ሙሴ አክሮይድ፣ አንዲት ትንሽ ወረቀት ብቻ ጎድላለች። የልደት ወረቀትዎ።»

«ይኸው እኮ፣ ማዳም።»

«ይሄማ አርጅቷል። ሦስት ወር ያልሞላው ነው የምንፈልገው።»

«እኔ ራሴ ስልሳ ሊሞላኝ ነው። ምን ላድርግ፣ እንደገና ልወለድ?»

ማዳም ከርቬላ ትንሽ አሰቡበት። «ከተወለዱ እሱም ይሆናል» አሉ። «የሚኖሩበትንም ቤት የሚያስረዳ ነገር ያምጡ።»

«ጠዋት ጠዋት በቤቴ በኩል ነው የሚያልፉት። እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ እጄን አነሳልዎታለሁ፣ እርስዎም ያነሱልኛል።»

«እንደ ጎረቤት አይቼዎታለሁ» አሉ ማዳም ከርቬላ። «እንደ ባንክ ግን አላየሁዎትም።»

ኔቪል ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የዶሪንን መነጽር አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ የመድኃኒቷን ብልቃጦች በሁለት ጣት ገለጥ ገለጥ ያደርጋል። «ማዳም አክሮይድ፣ እንደ ባል አይቼሻለሁ፣ እንደ ባንክ ግን አላየሁሽም።» ዶሪን ትስቃለች፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ ሳሉ ሲያልፍላት «ድገመው» ትላለች። በጋውን ሁሉ የጎደለ ወረቀት አንዴም አላለቀም፤ ኔቪልም ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም። ከባንክ የሚያመጣላት ሌላ ስጦታ ስላልነበረው ማዳም ከርቬላን ያመጣላት ነበር።

ብድሩ በሁለቱም ስም እንዲሆን ያለችው ዶሪን ናት። ባንኩ ለብድር የሕይወት መድን ይጠይቃል፤ ለሷ ሳንባ ዋስ የሚሆን ስላልተገኘ መድኑ በኔቪል ብቻ ሆነ። «ግድ የለም፣ ፊርማዬ ግን ይግባ» አለች። «ያለበለዚያ ያንተ ተከራይ ልሆን ነው።»

መስከረም ላይ የብድሩ ውል በፖስታ መጣ። እንግዲህ ኔቪል እንግሊዛዊ ነው፤ እሱ ባደገበት ሰፈር ደብዳቤ ደርሶህ በዕለቱ ካልመለስክ እናትህ ምን አስተማረችህ ይባላል። ዶሪን ያን ቀን አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል፣ መጨረሻው ላይ ቀኑንና ፊርማቸውን አሳምረው ጻፉ። ኔቪል በማግስቱ ባንኩ ሳይከፈት በር ላይ ደረሰ።

ማዳም ከርቬላ ቀኑን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማን ነው ፈርሙ ያለዎት?»

«እናንተ። እዚህ ጋ ይፈረም ይላል።»

«ከአስር ቀን በኋላ ነዋ። ሕጉ አስር ቀን ያስቡበት ይላል። ከዚያ በፊት የፈረመ እንዳልፈረመ ነው።»

«አስራ ሁለት ዓመት አስበንበታል፣ ማዳም።»

«እሱ ከወረቀቱ በፊት ነው» አሉ፣ ድምጻቸው ቀነሰ። «አይቆጠርም።»

ውሉ ፈረሰ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደገና መጻፍ ነበረበት። ዶሪን ስትሰማ ጣሪያውን እያየች፣ «ዕዳ ለመግባት ቸኩሎ የተቀጣ ሰው እኛ ብቻ ነን» አለች። ሁለተኛው ውል ሲመጣ ፖስታውን መስኮቱ ላይ አቆሙት፣ ብዕሩን አጠገቡ አደረጉ፣ እንደታዘዙት ማሰብ ጀመሩ።

አስሩ ቀን ሳይሞላ ዶሪን ሞተች። በሰው ቤት።

ቀብሩ ላይ ማዳም ከርቬላ መጥተው ከሁሉም ኋላ ቆሙ። መነጽራቸውን አውርደው ኔቪልን አዩት። የጎደለውን ሊነግሩኝ ነው የመጡት ብሎ አሰበ። ጎድሏል ደግሞ፤ ውሉ በሁለት ሰው ስም ነው፣ አንዷ የለችም፣ ፋይሉም አብሯት ሞቷል። ባንክ አልሄደም። ለማን ብሎ? ከሱቅ ካርቶን ለምኖ ወጥ ቤቱን ማሸግ ጀመረ። አበባ ሻጮቹ ለመቃብር የሚሆነውን አበባ በር በራቸው ላይ ደርድረዋል፤ የቅዱሳን በዓል ደርሷል።

አንድ ማክሰኞ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ማዳም ከርቬላ ፋይል ታቅፈው ወረዱ።

«ምሳ ሰዓት ነው እኮ» አለ ኔቪል።

«አውቃለሁ» አሉ፣ በቁጣ። ገብተው ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ካርቶኖቹን አይተው እንዳላዩ አለፉ። «የሞት ማስረጃውን ከማዘጋጃ ቤት አውጥቻለሁ። እርስዎ ቢሄዱ የተሳሳተ መስኮት ላይ ነበር የሚሰለፉት። ትናንት ሙሴ ፕሪዣን ዘንድ ዋልኩ፤ እስከ ገና ይጠብቁዎታል።»

«ትናንት ሰኞ ነው።»

«ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሙሴ አክሮይድ። አዲሱ ውል በስምዎ ብቻ ተፈቅዷል፣ ነገ በፖስታ ይደርስዎታል። አሁን ብዕርዎን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ይስጡኝ።» ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «የጆሮዎንም እርሳስ። አስሩ ቀን ሲያልፍ እኔው አመጣልዎታለሁ።»

ኔቪል እርሳሱን ሰጣቸው። «እሺ፣ አሁንስ ምን ጎደለ?» አለ።

ማዳም ከርቬላ ፋይሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት ገለጡ። «ምንም የጎደለ የለም» አሉ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ዓይናቸው መስኮቱ ጋ ያለው ባዶ አልጋ ላይ አረፈ። ፊታቸው ቀላ። «ወረቀቱን ማለቴ ነው።»

ኔቪል ወደ ምድጃው ሄደ። ያልታሸገች አንዲት ድስት ነበረች፣ የእንግሊዝ የቆርቆሮ ባቄላ አሞቀባት፣ ዳቦ ጠበሰ፣ አንዱን ሳህን ከፊታቸው አደረገ። ምሳቸውን በሦስት ሳህን የሚበሉት ሴትዮ ያንን ብርቱካንማ ነገር እንደ ፋይል አዩት። አንዴ ጎረሱ። መነጽራቸው ወረደ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጎድላለች» አሉ።

የኔቪል ከንፈር ሳያስበው አብሯቸው ሾሎ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፣ እሳቸውም በምን እንደሳቀ የገባቸው መሰለ።

«ምንድን ናት?»

«ጨው።»

ጨው ካርቶን ውስጥ ነው። በየትኛው እንደሆነ እንጃ። ማዳም ከርቬላ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና የመጀመሪያውን ካርቶን ፈቱ፤ ያወጡትን ሳህን ሁሉ እየጠረጉ መደርደሪያው ላይ፣ ቦታ ቦታው መለሱ። ስምንት ሰዓት ሆኖ ባንኩ ሲከፈት እሳቸው ገና ሦስተኛው ካርቶን ላይ ነበሩ።