የእኔ ንፍሮና የጥሩወርቅ ዳዊት

ሰው ትምህርት የገባውን ልጅ መቁጠር ይወዳል። «ዘንድሮስ የአገሩ ልጅ ሁሉ ፊደል ገባ!» ሲሉ አፋቸው ማር ማር ይላል። ስንቱ ጨርሶ ወጣ ብላችሁ ጠይቋቸው እስቲ። ወሬው ወዲያው ወደ ዝናቡ ይዞራል።

እኔ ይህን ቆጠራ የማውቀው በንፍሮ ነው። በእኛ በኩል፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ስትሄዱ ባለው አገር፣ ልጅ ፊደል ሲጀምር እናቱ ንፍሮ ቀቅላ ለየኔታና ለተማሪው ትወስዳለች። ልጁ ዳዊት ሲደግም ደግሞ ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ ይደገሳል። ንፍሮው በየዓመቱ አለ። ድግሱን ግን ዕድሜ ልካችሁን ጠብቁት!

እኔ ራሴ የንፍሮ ሴት ነኝ። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ፊደል አስገብቶኝ ነበር፤ አቡጊዳ ላይ ስደርስ ባል መጣና ትምህርቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ አምስት ልጅ ወለድኩ፣ አምስት ጊዜ ንፍሮ ቀቀልኩ። አንዱ ለከብት ተፈለገ፤ አንዱ ለእርሻ፤ አንዷ እንደ እናቷ ለባል፤ አንዱ የየኔታን አለንጋ ፈርቶ ኮበለለ፤ የመጨረሻው ጣልያን ሲገባ አባቱን ተከትሎ ጫካ ወረደ። ባቄላ በመቀቀል የሚስተካከለኝ የለም። ድግስ ግን ደጄን ረግጦ አያውቅም።

አሁን ወደ ቅናቴ ልምጣ። አታፍሪም ወይ አትበሉኝ፤ እናንተም በእኔ ቦታ ብትሆኑ ትቀኑ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አለሙ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ልጅ አለችው። ሚስቱ የሺ ልጅቷን ፊደል ያስገባች ዕለት ሄጄ ንፍሮውን ቀመስኩና «ጨው አንሶታል» ብዬ ተመለስኩ። ዓመት አትቆይም ብዬ ነበራ! ቆየች። ሌላም ዓመት ቆየች።

ያን ጊዜ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ መሽጎ፣ አውሮፕላኑ ሰው የተሰበሰበበትን እየፈለገ ቦምብ ይጥል ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ዋሻ ውስጥ ተሸሸጉ። ለየኔታ የቀራቸው አንድ ዳዊት ብቻ ነው፤ ፊደሉንም መጨረሻው ላይ ባለው ባዶ ብራና ጽፈውበታል። እሳቸውም ያንኑ ይዘው፣ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከእኔ አጥር ሥር፣ ወይራዎቹ መሀል ተደበቁ። እንግዲህ ማን ይከልክለኝ? ጎመን ልቀጥፍ ብዬ እወጣለሁ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ጎመኑ አለቀ፤ እኔ አሁንም እቀጥፋለሁ። ተማሪውም እንደ ጎመኑ እየሳሳ ሄደ። ጥሩወርቅ ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ቦታዋ፣ ከየኔታ ፊት ለፊት፣ ጉልበታቸው ላይ ወደተዘረጋው ብራና አንገቷን አስግጋ ታነባለች። ድምጿ ሲያምር! እኔን ግን አንጀቴን ይቧጭረኛል።

መቼስ ሳይደናቀፍ የሚሄድ ነገር የለም። አለሙን ከቁይ የመጡ ሰዎች ልጅህን ለልጃችን ብለው ይዘውታል። እሱም «በጥቅምት ዳዊት ከደገመች ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ ካልደገመች በጥር እድራታለሁ» ብሎ ቆረጠ።

ጥቅምት ደረሰ። የሺ ጠላዋን ጠምቃ፣ በጓን አሳርዳ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትንጎራደዳለች። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ሄጄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እንዲመሰክሩ ከአማኑኤል የተጠሩ አንድ መምህር የየኔታን ዳዊት ተቀበሉ፤ መሀሉን ገለጡና በክብር ወደ ልጅቷ አዙረው፣ እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«በይ ልጄ፣ ከዚህ ጀምሪ።»

ልጅቷ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«አይዞሽ፣ ከዚህ።»

ጥሩወርቅ ብራናውን ታያለች፤ ጣቷ ከመስመር መስመር ይንከራተታል። የሺ «እመቤቴ አደራሽን» ትላለች። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስታዬ ጉሮሮዬ ድረስ ደረሰ። አጠገቤ ላለችው ጎረቤቴ «ጨው አንሶታል ብዬ አልነበር?» አልኳት።

አለሙ ዋንጫውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ታወቀ። ለቁይ ሰዎች ቃሌን እልካለሁ።»

ይህን ሲል ልጅቷ አንገቷን አስግጋ፣ ብራናውን በወዲያኛው ጫፍ ዞራ ልታየው የፈለገች መሰለች። ያን አንገት አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ያየሁት አንገት ነው! ልቤ ዝም በይ አለኝ። አፌ ግን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?

«ገልብጠው ይስጧት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አልሽ አንቺ ሴትዮ?» አሉ መምህሩ።

«መጽሐፉን ይገልብጡት ነው የምለው! ፊደሉ ሁሌ ወደ የኔታ ዞሮ ነው የተማረችው፤ ይቺ ልጅ ዳዊትን በግንባሩ አይታው አታውቅም!»

ገለበጡት። ልጅቷንም ያዝ አላደረጋትም፤ እንደ ክረምት ምንጭ አንቆረቆረችው። መምህሩ ሌላ ቦታ ገለጡ፤ አነበበች። ሌላም ገለጡ፤ አነበበች። የኔታ ዓይናቸውን እያሹ፣ «ወይ ልጄን! እኔ ደግሞ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በጆሮዬ ነው የማርማት፤ በየት በኩል እንደምታይ መች ጠየቅኋት!» አሉ።

አለሙ ወደኔ ዞረ። «እታለም፣ አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

«ጎመን ስቀጥፍ።»

«እትዬ» አለች የሺ እንባዋን እየጠረገች፣ «የጓሮሽ ጎመን ግንዱ ብቻ የቀረው ለዚህ ነው?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጥር ሠርግም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ቁጠሩ። ከአጥሬ ሥር ያ ሁሉ ልጅ ገባ፤ አንዲት ጨረሰች፤ እሷም ተገልብጣ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ባሰብኝ እንጂ። ስለዚህ በሳምንቱ ስድስተኛዬን ንፍሮ ቀቀልኩና ተሸክሜ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄድኩ።

«ማንን ልታስገቢ ነው አክስቴ?» አለችኝ።

«እኔን» አልኳት።

ፊት ለፊት ተቀመጥን። ያው አንድ ዳዊት ነው፤ እሷ እንድታነብ ሲገለበጥ ለእኔ ቀና ይሆናል። እንዲህ የሚመች ተማሪና አስተማሪ ከየት ይገኛል? አቡጊዳን አልፌያለሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው።

ንፍሮውን ግን የሺ ቀመሰችና «ጨው አንሶታል» አለች።