ትንፋሼን ያልነገሩኝ ሰዎች

ሰው የራሱን ማጅራትና የራሱን ትንፋሽ ሳያውቅ ይኖራል። ማጅራቱን እንኳ ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋት ያሳየዋል፤ ትንፋሹንስ ማን ያሳየው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የእኔን በሽታ ግን የደበቁብኝ ሌሎች ናቸው፤ ያውም ከአክብሮት የተነሣ።

ብቸና ባዮሎጂ ሳስተምር ዘመኔ አለፈ። ክቡንም ዘንጉንም ጥምዝምዙንም ባክቴሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። ምክትል ርእሰ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ ሰው ሲያናግረኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት አመጣ። ስብሰባ ላይ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ይቀራል። ተማሪ ስጠራ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ያዞራል። ሹመት ለካ እንዲህ ያስከብራል አልኩና፣ እንዳልኮራባቸው ብዬ ወደ ሰው ጠጋ እያልኩ ማውራት አበዛሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ነበር፤ እንዳይደማ መቦረሹን ተውኩት። አንድ የፊት ጥርሴም መነቃነቅ ጀመረ። ዕድሜ ነው አልኩ።

ባለፈው ክረምት ሞጣ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ፣ ወንድማቸው ሞቶባቸው ነበር። ከጎናቸው ተቀምጬ በጆሯቸው ሳጽናናቸው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያለቀሱ መስሎኝ ይበልጥ ተጠጋሁ። ይሄኔ እጄን ይዘው ወደ ግቢው አወጡኝ።

«ልጄ፣ አባትህ ቢኖር እሱ ይነግርህ ነበር» አሉኝ። «አፍህ ታሟል። አይቼ ዝም ብልህ ነገ አላህ ይጠይቀኛል።»

ሐዘንተኛ ላጽናና ሄጄ ሐዘንተኛው አጽናንቶ ሸኘኝ። የተተዉት ወንበሮች ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

እዚያው ሞጣ ጥርስ ሕክምና ገባሁ። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ወጣት ባለሙያ በቀጭን መለኪያ የድዴን ሥር ነካ ነካ ብታደርገው ደሙ ፈሰሰ።

«መምህር፣ ጥርስዎ አልተበላም፤ የቆመበት አጥንት ነው የተበላው» አለችኝ። አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ድዴና ጥርሴ መሀል በተከፈተ ኪስ ውስጥ ተሸሽገዋል፤ ሰውነቴ እነሱን እዋጋለሁ ሲል የገዛ አጥንቱን ያፈርሳል። አንገቴን ደፍቼ እንደ ተማሪ ሰማኋት።

የተነቃነቀው ጥርስ ተነቀለ። በምትኩ በብሎን የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተከልልኝ ብላት አይሆንም አለች። ድዱ ሳይድን ቢተከል እነዚያው ባክቴሪያዎች ብሎኑን ይከቡታል፤ ብረቱ ባይበሰብስም ዙሪያውን የያዘው አጥንት ያልቃል። አስቀድሞ ከጥርሴ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረው ቆሻሻ ይፋቅ፤ እኔም ቢደማም በየቀኑ እንድቦርሽ አዘዘችኝ። ስወጣ ደግሞ «ባለቤትዎንም ያምጧቸው፤ ባክቴሪያው ወደ እሳቸውም ተላልፎ ይሆናል» አለችኝ።

በደብረ ወርቅ በኩል ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስናደድ መጣሁ። ሚስቴ ትርንጎ የሞጣ ልጅ ናት፤ ሞጣ የነገረኝን እሷ እንዴት ትደብቀኛለች? ገና በር ላይ ሆኜ፣ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ነግሬህ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «በተጋባን በሦስተኛው ዓመት። ‹ባለጌ› ብለህ ሳምንት ሙሉ አኮረፍከኝ። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት ለመድኩ።»

እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዋን እያየሁ ጠልታኛለች ስል ኖሬያለሁ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ በዓይን የማይታይ ነገር ለያየን። ይቅርታ ስጠይቃት ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።

ለወራት ስመላለስ ድዴ መድማቱን ተወ። ባለሙያዋ ግን በሄድኩ ቁጥር «ለባለቤትዎ ነገሯቸው?» ትለኛለች። መንገር ምን ያስቸግራል? ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሁ? አንድ እሑድ ቆርጬ ተነሣሁ። እንደ ሐጂ ፊት ለፊት፣ በፍቅር፣ ሳልሸፋፍን ልነግራት ወንበሬን ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ትርንጎዬ» አልኳት፣ «እናትሽ ሳይናፍቁሽ አይቀሩም። ለምን ቅዳሜ ሞጣ ሄደን አንጠይቃቸውም?»

ዓይኗን ወደ ጓዳው በር መለሰች።

«እናቴ እኮ እዚህ ከመጣች ሳምንቷ ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ሰላም ብለሃታል፤ አሁን ጓዳ ሆና ትሰማሃለች።»