የጭንቅ ቀን ገመድ

ትናንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሩ አያልነህ ሕልም አየ። ሕልም ብሎ ዝም!

ከተማው ያው የኛው ከተማ ነው፤ ግን ቤት የሚባል ነገር የለም። በሮች ብቻ በእግራቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰዎቹ ደግሞ በየጥጉ ተተክለው ቆመዋል። በሮቹ እየመጡ ሰውን ያንኳኳሉ፤ ከፍተው ይገባሉ፣ ሲበቃቸው ዘግተውት ይወጣሉ። አያልነህ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ይኼኔ ሆዱ ውስጥ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እናትህ! ክፈትልኝ እንጂ ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ናቸው! እሳቸው እሱን እንዳልወለዱ፣ እሱ እሳቸውን አርግዞ ቁጭ! ደረቱን ቢገፋ አይከፈትም፤ እምብርቱን ቢጫን አይከፈትም። መንኳኳቱ እየደከመ ሄደ። አያልነህ እናቱ እንዳይሞቱበት ፈርቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

መንገድ ላይ አንድ ወይፈን ፊሽካ ነፍቶ አስቆመው። ትራፊክ ፖሊስ ነው።

«ነፍሰ ጡር አይሮጥም!» አለው።

«እናቴ ልትሞትብኝ ነው ጌታዬ!»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? እለፍ!»

ወይፈኑ መንገዱን አስለቀቀለት። የከተማው በር ሁሉ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ አሮጌ የእንጨት በር ቆሟል፤ ስንት ክረምት እንዳሳለፈ እግዜር ይወቀው። አያልነህ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ መክፈቻዬ ጠፋኝ።»

«አይዞህ ልጄ። መውጫ ሳያበጅ መግቢያ የሚሠራ ጌታ የለም። ከግራ ጎድንህ ሥር ዳብስ።»

ዳበሰ። አንዲት ቀጭን ገመድ አገኘና ሳባት። ጎኑ ያለ ሕመም፣ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ወይዘሮ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ፤ ያውም እሱን በወለዱበት ዕድሜ፣ ልጅ እግር ሆነው! በሮቹ እልልታውን አቀለጡት። አያልነህ እንዲህ ያለ ነገር ማየቱ ደንቆት ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

እናቱ ትከሻውን በክርን ደቆሱት። ባነነ።

«ተነሣ አንተ! ታፍኜ ልሞት ነው!»

አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናው ውስጥ ናቸው። ለለቅሶ ሲሄዱ ከከተማ ወጣ ብለው ዘመድ ሲጠብቁ እንቅልፍ ጥሎት ኖሯል። ባትሪዋ ሞታለች። የበሩን ቁልፍ ቢጫነው ቢጫነው ዝም፤ መስታወቱም አይወርድም። በሜዳው ላይ ሰው የሚባል የለም።

ሻጩ ያለው ትዝ አለው፤ «ኃይል ከጠፋ ከበሩ ኪስ ሥር ያለችውን ገመድ መሳብ ነው።» እጁን ሰደደ። ገመዷ አለች፣ ግን የምትዳበሰው በሩ ከለበሰው ቆዳ ሥር ነው። ስፌቱን በጥፍሩ ቧጠጠ፤ አልሆን ሲለው ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ያዘው።

«አትልፋ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስካለ እያለከለኩ። «አዲስ መኪና ራቁቱን አይሄድም ብዬ ራሴ ነኝ ያለበስኩት። በድርብ ክር ነው የሰፋሁት።»